ታኬታ ሰቅለው ማኅተም የያዙት ሰው፦ ይድነቃቸው ተሰማ



የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ የአራት አገር ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። አብዛኛው አህጉር ገና በቅኝ ገዢ እጅ ስለነበር ስለ አፍሪካ ኳስ የሚወስኑት አራት ብቻ መሆናቸው አይገርምም። የተሰበሰቡበት ጉዳይ ሁለት ነው። አንደኛው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ዛሬ ሁላችንም ካፍ የምንለውን ማቋቋም ነው። ሁለተኛው ጊዜ ሳያባክኑ እዚያው ካርቱም የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ማካሄድ ነው። ድልድሉ ግብፅን ከሱዳን፣ ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ አገናኘ።

ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ የምታመጣው ቡድን ወይ የነጮች ብቻ፣ ወይ የጥቁሮች ብቻ እንጂ ሁለቱን የቀላቀለ እንደማይሆን አሳወቀች። የአገሩ የዘር መለያየት ሕግ አብረው እንዲጫወቱ አይፈቅድም። ሌሎቹ ደግሞ እንዲህ ከሆነ መጫወት የለም አሉ። ደቡብ አፍሪካ ቀረች። ኢትዮጵያ ኳስ ሳትነካ በፎርፌ ለፍጻሜ አለፈችና የካቲት 9 ቀን በግብፅ አራት ለባዶ ተቀጣች። አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው ነው፤ አድ-ዲባ ይባላል።

ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው የዚያን ሳምንት ኢትዮጵያ ምን አተረፈች ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ አድ-ዲባ ጎሎች ሳይሆን ከዚያ ጠረጴዛ በኢትዮጵያ በኩል ስለተቀመጡት የ35 ዓመት ሰው ነው። ይድነቃቸው ተሰማ ይባላሉ። በዚያን ጊዜ የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ገና አላወለቁም ነበር። ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት ያህል፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ ጨዋታቸው በአብዛኛው ከጠረጴዛ ዙሪያ ሆነ። በእኔ አስተያየት አገራችን በስፖርት ካፈራቻቸው ሰዎች ሁሉ ዓለምን አብዝተው የለወጡት እሳቸው ናቸው። አበበ ቢቂላን ረስቼ አይደለም። አበበ ዓለም ስለ አፍሪካዊ ሯጭ የነበረውን ግምት በሁለት ሰዓት ከሩብ ሮጦ ገለበጠው። ይድነቃቸው ግን ሯጩም ኳስ ተጫዋቹም የሚሰለፍበትን ደንብ ለወጡት።

የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ፣ ጅማ ነው። አባታቸውን ከእናንተ መካከል ሽማግሌዎቹ በስም ታውቋቸዋላችሁ፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ የምንጃር ሰው ሲሆኑ በቅኔያዊ ንግግራቸውና በዜማቸው ቤተ መንግሥቱን ያዝናኑ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን ተልከው የአውቶሞቢል ሙያ ተምረዋል፤ በዚያው ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ በዚህም ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ያለው ልጅ አንደበቱ የተፈታ ቢሆን፣ የፈረንጅ አገር ሰውና ዕቃ ባያስደነግጠው የሚጠበቅ ነው። ይድነቃቸው በኋላ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ ቆመው ሲከራከሩ ያዩ ሰዎች የሚያስታውሱት ይኸንኑ አለመደንገጣቸውን ነው።

አዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ሠፈር ውስጥ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ወደ ቡድኑ ገብተው 23 ዓመት ያህል ሳይለቁት ተጫወቱ። ክለቡ በተመሠረተ ጥቂት ወራት ውስጥ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

ስለ አምስቱ ዓመት የአርበኝነት ታሪክ ለናንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። የኳሱ ታሪክ ግን እምብዛም አይነገርም። ጣሊያን ኳስ አልከለከለም፤ ከፋፈለው እንጂ። የጣሊያኖቹ ቡድኖች ለብቻ፣ «የአገሬው ተወላጅ» የተባለው ለብቻ። የክለቦቹም ስም ተለወጠ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ የፋሺስቶች የመለያ ቃል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከ14 እስከ 19 ዓመቱ ድረስ ይህ ልጅ የሚወደውን ጨዋታ የተጫወተው ቆዳው መለያ ሆኖበት፣ በስሙ በማይጠራ ቡድን ውስጥ ነው። ከዚያ 16 ዓመት ቆይቶ ካርቱም ላይ አንድ መንግሥት «ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ» ብሎ ሲመጣ ይድነቃቸው ነገሩን ከመጽሐፍ አንብበው መረዳት አላስፈለጋቸውም።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የተገኘው አገር የስፖርት ድርጅት የሚባል ነገር የሌለው ነው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቋመ፤ ይድነቃቸው ከዚያ የመጀመሪያ ቢሮ ሠራተኞች አንዱ፣ ብዙም ሳይቆይ ዋናው ሰው ሆኑ። የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የስፖርት አስተዳደር ሲባል ብዙ ሰው በመኪና የሚሄድ፣ ክብር ትሪቡን ላይ የሚቀመጥ ባለሥልጣን ነው የሚታየው።

ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ይህንኑ የእኛን አካባቢ እንይ። አጨዳ ካለቀ በኋላ የማክሰኝት ልጆች ማሳ ላይ ድንጋይ ለጎል አቁመው ሲጫወቱ ደንብ አያስፈልጋቸውም፤ ኳሷ የማን እንደሆነች ካወቁ በቂ ነው። ባለ ኳሱ እናቱ ስትጠራው ጨዋታው ያልቃል። ነገር ግን ቀበሌ ከቀበሌ፣ ወረዳ ከወረዳ የተጋጠመ እንደሆነ ወዲያው ጥያቄ ይመጣል። ያ ልጅ የእናንተ ቀበሌ ነው ወይስ ከጎንደር ያስመጣችሁት? ዕድሜው ስንት ነው? የተጫዋችነት መታወቂያው፣ ቴሴራው፣ የት አለ? ዳኛው የማን ዘመድ ነው? ባለሜዳው ዘግይቶ ቢመጣ ስንት ደቂቃ ይጠበቃል? ክስ ካለ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ለማን፣ በጽሑፍ ነው በቃል? እነዚህን ቀድሞ ጽፎ ያላስቀመጠ ውድድር በሦስተኛው ጨዋታ በድብድብ ይፈርሳል፤ በዓይናችሁ አይታችኋል። ይድነቃቸው ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠሩት ሥራ ይህን ለአንድ አገር በሙሉ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። መዝገብ፣ ፕሮግራም፣ የዳኞች ሥልጠና፣ ከውጭ ፌዴሬሽኖች ጋር ደብዳቤ። ፊፋ ኢትዮጵያን በአባልነት የተቀበላት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴያችን ዕውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፍን። ያ ወረቀት ባይሟላ አበበ ቢቂላ ሮም አይገባም ነበር።

ይህን ሁሉ የሠሩት ደግሞ እየተጫወቱ ነው። ለክለባቸውም፣ ለብሔራዊ ቡድኑም። ዛሬ ቢሆን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አጥቂም፣ ደንብ አውጪም፣ አሠልጣኝም ሊሆን ቢል ሬዲዮው ሁሉ ይጮህበታል፤ ተገቢም ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሌላ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ 12 ቃና ዘገሊላ። ታቦት ሸኝቶ የተመለሰው የአዲስ አበባ ሕዝብ በማግሥቱ እሑድ ስታዲየሙን ሞላው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ በጊዜው ስሟ ከተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ጋር። ያው ካርቱም ላይ አራት ያገባችብን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ካይሮ ላይም አራት ለባዶ የደገመችን ግብፅ። የኛ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ቱኒዝያን በግማሽ ፍጻሜ አራት ለሁለት አሸንፈን ነው የመጣነው።

በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባዳዊ አገባብን። እስከ 74ኛው ደቂቃ አንድ ለባዶ እየተመራን ነው። ተክለ ኪዳኔ አቻ አደረገን። ሕዝቡ ጮኾ ሳይቀመጥ፣ በሚቀጥለው ደቂቃ ባዳዊ እንደገና። ሁለት ለአንድ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት 101ኛው ደቂቃ ላይ ወንድሙ ኢታሎ አገባ፤ ሦስት ለሁለት። ለግብፅ የቀረውን ተስፋ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ ዘጋው። አራት ለሁለት።

ዋንጫውን አፄ ኃይለ ሥላሴ ለሉቺያኖ ቫሳሎ አስረከቡ። ሉቺያኖ አሥመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነው። ጣሊያን ከወጣ ገና 21 ዓመት እንኳ አልሞላም። በዚያ ሜዳ ዙሪያ ከቆመው ሕዝብ መካከል ልጁን ወይም አባቱን በጣሊያን ያጣ ስንት እንደነበረ ገምቱ። የዚያን ጊዜው አምበል ግን የጣሊያን ስም ያለው የኛ ልጅ ነበር። አሠልጣኙ ደግሞ ወጣትነቱን በቆዳ ተለይቶ ሲጫወት ያሳለፈ። ሰው በቆዳው ወይም በስሙ አይሰለፍም የሚለው ነገር በካርቱም ስብሰባ ላይ የተነገረ ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ቡድንም የኖሩበት ነው።

ያ ዋንጫ እስከ ዛሬ አንድያችን ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ እግር ኳስ የሚነገረው በአብዛኛው ቁጭት ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ በአፍሪካ መድረክ ላይ ይበልጥ ጎልተው ታዩ። የመጀመሪያው ትልቅ ፍልሚያ እ.ኤ.አ. የ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ነው። ቦታው 16 ነበር። በመጨረሻ ከአውሮፓ አሥር፣ ከደቡብ አሜሪካ አራት አገሮች ገቡ። ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ የተመደበው አንድ ቦታ ነው። አንድ! የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያው አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ካልረታ አህጉሩ በሙሉ ቤቱ ይቀመጣል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ከአፍሪካ ዓለም ዋንጫ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1934 ግብፅ ብቻ ነበረች።

የጋናው ኦሄኔ ጃንና የኛው ይድነቃቸው ፊፋን ተቃወሙ። ቦታ ካልተሰጠን አንጫወትም አሉ፤ አፍሪካውያኑም በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋ በወቅቱ አልተበገረም። እንግሊዝ ላይ ያለ አፍሪካ ተጫወቱ፤ የሰሜን ኮርያ ልጆች ጣሊያንን ገርስሰው ዓለምን ሲያስደንቁ አፍሪካ በሬዲዮ ሰማች። ግን እ.ኤ.አ. በ1970ው የሜክሲኮ ዋንጫ ለአፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮ ሄደች። በ1982 ሁለት ሆነ፤ አልጄርያ ምዕራብ ጀርመንን ሁለት ለአንድ አሸነፈች፤ ካሜሩን ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጥታ ሳትሸነፍ ተመለሰች። ዛሬ አፍሪካ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ አላት። ሳላህን ወይም ማኔን በዓለም ዋንጫ ያየ ልጅ ያ ቦታ በአንድ ወቅት በደብዳቤና በእምቢታ የተገኘ መሆኑን አያውቅም፤ ማወቁም ግድ አይደለም፤ ለእኛ ግን ይጠቅመናል።

ሁለተኛው ፍልሚያ ረጅሙ ነው። ከአንድ ዲስከስ ወርዋሪ ጋር ያገናኘናል።

አቬሪ ብራንዴጅ አሜሪካዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ላይ በዲስከስ ውርወራ፣ በፔንታትሎንና በዴካትሎን ተወዳድረዋል። ከዚያ ባለ ብዙ ገንዘብ የሕንፃ ተቋራጭ ሆኑ፤ ቀጥሎም ወደ ስፖርት አመራር ገብተው ከ1952 እስከ 1972 ድረስ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንደ ይድነቃቸው ከሜዳ ወደ ጠረጴዛ የመጡ ሰው ናቸው። እምነታቸው ግን ስፖርትና ፖለቲካ አይነካኩም የሚል ነበር፤ ስለዚህም የደቡብ አፍሪካ የዘር ሕግ የኦሊምፒክ ጉዳይ አይደለም ባይ ናቸው። የፊፋው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስም ያው አስተሳሰብ ነበራቸው። እሳቸው ቀድሞ ታዋቂ ዳኛ ነበሩ። በ1963 ደቡብ አፍሪካን ጎብኝተው ተመለሱና ፊፋ በአገሪቱ ላይ ጥሎት የነበረውን እገዳ አነሳ፤ በማግሥቱ ዓመት ቶኪዮ ላይ የአፍሪካና የእስያ ድምፅ መልሶ አሳገዳት።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ክፉዎች ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይመስለኝም። ሁለቱም ስፖርቱን ይወዱ ነበር፤ ሁለቱም ስፖርት ንጹሕ ሜዳ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ያልታያቸው ነገር ወደዚያ ንጹሕ ሜዳ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚመልስ ዘበኛ መኖሩ ነው። ይድነቃቸው ያንን ዘበኛ በልጅነታቸው አይተውታል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1966 ባማኮ ላይ የአፍሪካ ከፍተኛ የስፖርት ምክር ቤት ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ መካከል ነበረች። የአፍሪካ አገሮች በተናጠል ሲቃወሙ የሚሰማቸው አልነበረም፤ አንድ ላይ «እንቀራለን» ሲሉ ግን ኦሊምፒኩ ይጎድላል። በየካቲት 1968 የኦሊምፒክ ኮሚቴው ደቡብ አፍሪካ ሜክሲኮ ላይ እንድትሰለፍ ወሰነ። አፍሪካ እንግዲያው እኛ አንመጣም አለች። እዚህ ላይ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር አለ፤ ማሞ ወልዴ በዚያ ኦሊምፒክ ላይ የማራቶን ወርቅ ያመጣው በጥቅምት ነው። ለሁለት ወር ያህል ያ ወርቅ ሜዳ ላይ ሳይሆን ስብሰባ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በሚያዝያ ኮሚቴው ውሳኔውን ሻረ። በ1970 አምስተርዳም ላይ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ። በሚቀጥለው ዓመት ይድነቃቸው ራሳቸው የኮሚቴው አባል ሆኑና ከብራንዴጅ ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ።

እ.ኤ.አ. በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ቀጥሎ የራውስ ተራ ደረሰ። በሰኔ 1974 ፍራንክፈርት ላይ የፊፋ ምርጫ ሲካሄድ ተፎካካሪያቸው ብራዚላዊው ጆአዎ አቬላንጅ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በርሊን ኦሊምፒክ ላይ የዋኙ ሰው ናቸው። አቬላንጅ አፍሪካን ዞረው ቃል ገቡ፤ ለአፍሪካ ተጨማሪ ቦታ፣ ደቡብ አፍሪካም ከጨዋታ ውጪ። የአፍሪካ ድምፅ ወደ እሳቸው ሄደ፤ ራውስ ወደቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አባረረ። አቬላንጅ በኋላ ፊፋን ምን አደረጉት፣ ገንዘቡስ የት ሄደ የሚለው ሌላ ታሪክ ነው፤ ደግ ታሪክም አይደለም። ይድነቃቸው ያንን ሁሉ አስቀድመው ሊያውቁ አይችሉም ነበር። በ1974 ያለው ምርጫ ከሁለት አንዱ ነበር፤ ከሁለቱ ደግሞ አንደኛው አልሰማ ብሎ አሥር ዓመት ቆይቷል።

ይህ ፍልሚያ ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ሞንትሪያል ኦሊምፒክን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም። ምሩፅ ይፍጠር በዚያን ጊዜ ከዓለም አንደኛ ከሚባሉት ነበር፤ አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ አምስት ሺሕና አሥር ሺሕ ሜትሩን ሁለቱንም ወሰደ። ግን ለአንድ ምሩፅ ሞስኮን ጠብቆ ማግኘት፣ ስንት ሌላ ሯጭ ሞንትሪያል ቀርቶበት ስሙ ሳይነሳ ቀረ? አመራሩ የወሰነውን የከፈለው ሯጩ ነው። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ይሁን እንጂ ይህን የምለው ስታዲየም ደጃፍ ደርሶ ያልተመለሰ ሰው ሆኜ ነው።

ይድነቃቸው ያልተሳካላቸውም ነገር ነበር፤ ወይም እሳቸው የያዙት አቋም በጊዜ ተሸንፏል። የአፍሪካ ተጫዋች አውሮፓ እየተሸጠ መሄዱን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ካፍ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ከውጭ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎችን ብቻ እንዲያሰልፍ ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ ክለቦቻችን ባዶ እንዳይቀሩ፣ ውድድሩም የአገር ቤት ልጆች እንዲሆን ነው። ደንቡ በ1982 ተነሳ። ዛሬ የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ስም ያለው ተጫዋች ሁሉ ማለት ይቻላል ከአውሮፓ የመጣ ነው። አንድ ድሃ ልጅ በእግሩ ቤተሰቡን ከችግር ካወጣ ማን ያስቀረዋል? ይድነቃቸው በዚህ ተሳስተዋል ብዬ አስብ ነበር። የአገር ቤት ሊጎቻችንን ባዶ ወንበር ባየሁ ቁጥር ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ለማለት ይተናነቀኛል።

ሌላም የሚነሳ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩበት ዘመን ሥራ የጀመሩ ሰው ደርግ ከመጣ በኋላም በካፍ ፕሬዚዳንትነታቸው ቀጠሉ። በዚያ ዘመን ስንቱ የቀድሞ ባለሥልጣን ምን እንደደረሰበት አትጠይቁኝ፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1976ቱ የአፍሪካ ዋንጫ እንኳ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የተካሄደው በዚያው ወቅት ነው፤ ሞሮኮ ዋንጫውን ወሰደች። እሳቸው ለመቀጠላቸው አንዱ ምክንያት፣ ይመስለኛል፣ ሥልጣናቸው ከአዲስ አበባ የተሰጠ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከየአገሩ የመጡ የአፍሪካ ወኪሎች በየምርጫው መልሰው መልሰው ድምፅ ይሰጧቸው ነበር።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው አረፉ። እስከዚያ ቀን ድረስ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ካፍ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ማንዴላ ከእስር ከወጡ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996ም ነጭና ጥቁር ቀላቅላ በሜዳዋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። ይድነቃቸው ያንን አላዩም።

ከሳቸው ወዲህ ከሜዳ ወደ ቢሮ የገቡ ስመ ጥር ሰዎች አሉን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2016 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ በሁለት ዓመቱ ለቀቀ። ደራርቱ ቱሉ ተክታው ስድስት ዓመት መራች። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ በአቴንስና በቤጂንግ የአሥር ሺሕ ሜትር ብር ያመጣው ስለሺ ስህን ተመረጠ። በሩጫ ዘርፍ አንድ ጥሩ ልማድ የተያዘ ይመስላል። ነገር ግን ሕዝባችን እነዚህን ሰዎች የሚያውቃቸው ቢሮ ውስጥ ባሳለፉት ዓመታት ሳይሆን ትራክ ላይ ባሳለፏቸው ደቂቃዎች ነው። ቢሮውን የሚያነሳው ሲበላሽ ብቻ ነው። እንዲህ ስለሆነም አንድ ጎበዝ ተማሪ «የስፖርት ሕግ መማር እፈልጋለሁ» ቢል ቤተሰቡ የሚያዝን ይመስለኛል።

የቅርቡን ልንገራችሁና ልጨርስ። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ባሕር ዳር ስታዲየም ሌሶቶን ሁለት ለአንድ ሲያሸንፍ ከዚህ ከማክሰኝት ሳይቀር አውቶቡስ ተኮናትሮ የሄደ ሰው ነበር። ጣና ዳር ይህን የሚያህል ስታዲየም ቆመ ብለን ኮራን። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ካፍ ደረጃውን አላሟላም ብሎ ዘጋው፤ በዚያን ጊዜ ለአህጉራዊ ጨዋታ የሚያበቃ ሜዳ በአገሪቱ ጠፋ። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ጋናን «በሜዳዋ» አስተናገደች፤ አንድ ለአንድ ወጡ። ሜዳው ኦርላንዶ ስታዲየም፣ ጆሃንስበርግ ነበር። ደቡብ አፍሪካ። በቀጣዩ ሰኔ ግብፅን ሁለት ለባዶ አሸነፍን፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ከ1954 ዓ.ም. ፍጻሜ ወዲህ ግብፅ ላይ እንዲህ ደስ ያለን ቀን ትዝ አይለኝም። ያም «በሜዳችን» ነው፤ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ።

ለስታዲየም የሚጠየቀው ነገር ምሥጢር አይደለም። የተመልካች ወንበር፣ የተጫዋቾች መልበሻ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤት፣ የሕክምና ክፍል፣ መብራት፣ ለጋዜጠኛ የሚሆን ሥፍራ፣ የተስተካከለ ሣር። ዝርዝሩ በጽሑፍ ይላካል፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ያያል፤ ይጽፋል። ዝርዝሩን የሚያወጣው የካፍ ጽሕፈት ቤት ነው። ካፍን ካቋቋሙት አራት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ 15 ዓመት የመራውም የኛ ሰው ነው። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ውለታችንን ረሱት ይላል። እኔ አልስማማም። ካፍ ለመሥራች አገር አድልቶ ቢሆን ኖሮ ይድነቃቸው 30 ዓመት የደከሙበት ድርጅት አይሆንም ነበር።

በዚህ አበቃሁ። የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሰዎችም እዚሁ ስላላችሁ፣ አሁን ወደ ጥያቄ ስንገባ የማክሰኝት ሜዳ ጉዳይ መጀመሪያ ቢነሳ ደስ ይለኛል።